የ15 ሺህ መስመር ጥርጣሬ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የዝናብ መረጃ የሚያሳይ ሲስተም ስንሠራ፣ አንዱ ፋንክሽን ላይ እንዲህ የሚል ኮሜንት ጽፌ ነበር፦ «ይሄ ለምን እንደሚሠራ አልገባኝም። ግን ይሠራል። እባካችሁ አትንኩት።» ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ የጻፍኳት ናት። በርክክቡ ቀን ኮዱን በፕሮጀክተር እያሳየን ሳለ ከደንበኛው ወገን የመጡ አንድ ጎልማሳ ሰው መስመሯን አዩአት። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጮክ ብለው አነበቧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አንተ ራስህ ያልገባህን ነው እንዴ የምታስረክበን?» አሉ። ስብሰባው ሳቀ። አለቃዬ ግን አልሳቀም።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ የሃሪን ፋይል ከፈትኩ። ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ሲኒየር «ፕሮግራመር ሲያለቅስ ማየት ከፈለጋችሁ» ብሎ የላከልን ፋይል ነው። ስሙ «ሃሪ_ሪድ_ሚ» ነው፤ የሃሪ «አንብበኝ» እንደማለት። ያኔ ስቀንበት አለፍነው። አሁን ግን ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ተቀምጬ አነበብኩት። ወደ 15,000 መስመር ነው። ስለ ፋይሉ፣ ሰዎች ስላነበቡበት መንገድና ስለዚያ ጊዜ ስለተሠራ አንድ ፊልም ልጽፍ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስታውስ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2009፣ በእኛ ኅዳር 2002፣ እንግሊዝ አገር ኖርዊች ከተማ ባለው የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ፣ የአየር ንብረት ምርምር ክፍሉ ሰርቨር ተሰበረ። ያልታወቀ ሰው ከ1,000 በላይ ኢሜይሎችንና በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ፋይሎችን ወስዶ ኢንተርኔት ላይ በተነው። ክፍሉ በ1972 የተቋቋመ ሲሆን ከዓለም ዙሪያ የቴርሞሜትር መዝገብ እየሰበሰበ «ምድር ምን ያህል ሞቀች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። የኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ያህል ነበር የቀረው። ጉዳዩ «ክላይሜትጌት» ተባለ። የአካባቢው ፖሊስ እስከ 2012 ሲመረምር ቆይቶ ጥቃቱ ከውጭ በኢንተርኔት የተፈጸመና በደንብ የታሰበበት ነው አለ፤ ያደረገውን ሰው ግን ሳያገኝ መዝገቡን ዘጋ።

ከተሰረቁት ፋይሎች አንዱ የሃሪ ነው። ሃሪ የክፍሉ ፕሮግራመር ነበር፤ ከቅጽል ስሙ በላይ አያስፈልገንም። ሥራው ከእሱ በፊት የነበረ ሰው ትቶት የሄደውን ኮድና ዳታ ተረክቦ ማደስ ነበር። ዳታው የምድርን የብስ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ለእያንዳንዷ በየወሩ ሙቀቷን፣ ዝናቧን፣ ደመናዋን የሚሰጥ ነው። ኮዱ በፎርትራን የተጻፈ፣ መመሪያ የሌለው ሲሆን ፋይሎቹ ደግሞ ስማቸው እንጂ ይዘታቸው አይታወቅም። ሃሪ የሞከረውን ሁሉ፣ የወደቀውንም የተነሳውንም፣ ከ2006 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል በአንድ ፋይል ላይ መዘገበ።

እንግዲህ ይሄን እንደ ጽሑፍ ካነበብነው ምንድን ነው? ማስታወሻ ነው፤ ግን ባለቤቱ ማስታወሻ እየጻፈ መሆኑን አያውቅም። ለአንባቢ አያስብም፤ አያሳምርም። የቀድሞ ተከራይ የዘረጋውን የኤሌክትሪክ ሽቦ በጨለማ እየዳሰሰ የሚፈታ ሰው ድምፅ አለው፤ አንዱን ሲነካ ሳሎን ይበራል፣ ሌላውን ሲነካ የጎረቤት ፍሪጅ ይጠፋል። ይራገማል። ራሱን ይሳደባል። ጠዋት «ተገኘ!» ያለውን ከሰዓት በኋላ ይሽረዋል። የአውስትራሊያ ጣቢያዎች ላይ ሲደርስ ያለቀሰ ነው የሚመስለው፤ አንዱ ጣቢያ ሁለት ቦታ ይገኛል፣ ስሙ አንድ ሆኖ መለያ ቁጥሩ ይለያያል፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቦታው ይለያያል። መለያ ቁጥር የሌላቸውን ከሌላው ጋር ማዛመድ ሲያቅተው ራሱ ቁጥር ይፈጥርላቸዋል፤ ይሄን ማድረጉንም አይደብቅም። አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ምን መሆን ነበረበት?» ብሎ ራሱን ይጠይቅና፣ «ነበረበት» የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ከራሱ መፍጠር እንደሚችል ጽፎ፣ ፈገግታ ምልክት ያደርግበታል።

ከሁሉ የምወደው ግን የካሬ ድምሩን ክፍል ነው። ሃሪ ፕሮግራሙ ለምን እንደሚወድቅ ሲፈልግ፣ የቁጥሮች ካሬ ድምር ኔጌቲቭ ሆኖ ያገኘዋል። የትኛውም ቁጥር በራሱ ሲባዛ ኔጌቲቭ አይሆንም፤ ይሄን ሰባተኛ ክፍል ተምረነዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ለቁጥሩ የመደበለት ቦታ ከ2,147,483,647 በላይ አይችልም። ካሬው ከዚያ ሲያልፍ፣ እንደ ድሮ ታክሲ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሞልቶ ይዞርና ከኔጌቲቩ ጫፍ ይጀምራል። ማንም አላጭበረበረም፤ ማሽኑ ቦታ አጥሮት ነው። ሃሪ ይሄን ያገኘው ደግሞ መሃል መንገድ ላይ ያሉ ቁጥሮችን አንድ በአንድ እያተመ በማየት ነው። ይሄን ክፍል ሳነብ ለሰውየው ቡና ልጋብዘው አማረኝ።

በ2009 ግን እንዲህ አልተነበበም። ፋይሉ በወጣ በቀናት ውስጥ ምሬቱ ብቻ ተቆርጦ ተበተነ። «ከራሴ እፈጥራለሁ» ያለባት መስመር ብቻዋን ስትቆም የወንጀል ቃል ትመስላለች፤ ከፊቷና ከኋላዋ ያሉት መቶ መስመሮች ሲነበቡ ደግሞ የደከመው ሰው ቀልድ ናት። እዚህ ላይ አንባቢ ሁሉ አጭበርባሪ ነበር አልልም። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሰው የሌላውን የኮድ ማስታወሻ ሲያይ ይደነግጣል፤ መደንገጡም ልክ ነው። የኔን ኮሜንት ያነበቡት ሰውዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ገንዘብ ከፍለዋል፤ ዕቃው ውስጥ «አልገባኝም» የሚል ጽሑፍ አገኙ። ምን ይበሉ?

ግን ከአንባቢዎቹ መካከል ማንበብ ሥራቸው የሆነ ነበሩ። ሣራ ፔሊን በዲሴምበር 2009 ዋሽንግተን ፖስት ላይ ባወጣችው ጽሑፍ ኢሜይሎቹን ጠቅሳ ኦባማ ኮፐንሃገን እንዳይሄድ ጠየቀች። የሳዑዲ ዓረቢያው ዋና ተደራዳሪ መሐመድ አል ሳባን ለቢቢሲ ሲናገር፣ ከኢሜይሎቹ እንደሚታየው በሰው ሥራና በአየር ንብረት ለውጥ መካከል ግንኙነት የለም እስከ ማለት ደረሰ። ነዳጅ የሚሸጥ አገር ተደራዳሪ ይሄን ቢል አይገርምም። የሚገርመኝ፣ የሃሪ ፋይል የተጻፈበት ዳታ እነሱ የሚከራከሩበት ዳታ እንኳ አለመሆኑ ነው። የሃሪው በአራት ማዕዘን የተከፋፈለው፣ ለዕፅዋትና ለውሃ ጥናት የሚሆነው ነው። ፖለቲከኞቹ የሚጣሉበት የዓለም አማካይ ሙቀት መስመር ከሌላ ሥራ፣ በሌላ ኮድ የሚወጣ ነው። የጎረቤትን የውሃ ቢል አንብቦ የራስን መብራት እንደ መክሰስ ነው ነገሩ።

ስለ ታዋቂዋ «ትሪክ» የምትል ቃል ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳል። የክፍሉ ኃላፊ ፊል ጆንስ በ1999 በጻፈው ኢሜይል፣ ማይክል ማን ኔቸር መጽሔት ላይ የተጠቀመበትን «ትሪክ» ተጠቅሞ «ማሽቆልቆሉን» እንደደበቀ ይናገራል። ዓለም በሙሉ «ሙቀቱ እየወረደ ነበር፣ ደበቁት» ብሎ ተረጎመው። ኢሜይሉ ስለ ዛፍ ቀለበት ነው። ቴርሞሜትር ባልነበረበት ዘመን ሙቀቱን ለመገመት ሳይንቲስቶች የዛፍ ግንድ ቀለበት ያያሉ። ከሰሜን የሚመጡ አንዳንድ ዛፎች ግን ከ1960 ገደማ በኋላ ከቴርሞሜትር ጋር መስማማት አቆሙ፤ ቴርሞሜትሩ ሲወጣ የእነሱ መስመር ይወርዳል። ጆንስ ለአንድ ሪፖርት ሽፋን በሠራው ግራፍ ላይ የዛፎቹን መጨረሻ ቆርጦ በቴርሞሜትር ቀጠለው። «ትሪክ» የሚለውን ፕሮግራመር ከሰማው «መላ» ነው፤ «አንድ መላ አለችው» እንደምንለው። ፖለቲከኛ ከሰማው «ማታለያ» ነው። አማርኛው «ዘዴ» ሁለቱንም ይሸከማል፤ ዘዴኛ ሴት ስንል እናደንቃለን፣ ዘዴ ፈጠረ ስንል እንጠረጥራለን። ስለዚህ «ቃሉን በትክክል ተርጉሙት» ማለት ብቻውን አያድነንም። ለነገሩ «ደበቅኩ» የሚለውስ? ግራፉን ቆርጦ ሌላ ነገር መቀጠሉን ሽፋኑ ላይ ለሚያየው ሰው በግልጽ አልተናገረም። ጉዳዩን የመረመረው የሰር ሚዩር ራስል ኮሚቴም ያ ሥዕል አሳሳች ነበር ብሏል። ውሸት አይደለም፤ ጥሩም አይደለም። ክርክሩ ግን ይሄን መካከለኛ ቃል የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም።

አሁን ወደ ፊልሙ። «ዘ ትሪክ» በኦክቶበር 2021፣ የግላስጎው ጉባኤ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በቢቢሲ ዋን ታየ። የጻፈው ገጣሚው ኦወን ሺርስ ነው። ፊል ጆንስን ጄሰን ዋትኪንስ፣ ባለቤቱን ሩትን ቪክቶሪያ ሃሚልተን ይጫወታሉ። ትወናው ግሩም ነው፤ ይሄን መካድ አልችልም። ዋትኪንስ በኢሜይሉ ሳጥን የሞት ዛቻ የሚደርሰው፣ ራሱን ስለማጥፋት እስከማሰብ የደረሰ፣ ለካሜራ ያልተፈጠረ ዓይን አፋር ሰው ሆኖ ሲቀርብ አንጀት ይበላል። ሩት ሁለተኛዋ ምሰሶ ናት። ዩኒቨርሲቲው የሚቀጥራቸው የሕዝብ ግንኙነት ሰዎች መጥተው ፕሮፌሰሩን በፓርላማ ኮሚቴ ፊት እንዲቆም ሲያዘጋጁት ፊልሙ እንደ ፍርድ ቤት ድራማ ይሄዳል።

ችግሬም እዚሁ ላይ ነው። ፊልሙ የሚጠይቀን «ይሄ ሰው ጥሩ ሰው አይደለም?» ብሎ ነው። እኛም «ነው» እንላለን፤ እናዝንለታለን፤ ባለቤቱ እጁን ስትይዘው ዓይናችን እርጥብ ይላል። ከዚያ ሳናውቀው አንድ እርምጃ እንዘላለን፦ ጥሩ ሰው ስለሆነ ግራፉ ልክ ነው። ተጠራጣሪዎቹ ያደረጉት ይሄንኑ ነበር፣ ገልብጠው፦ ኢሜይሉ አስቀያሚ ስለሆነ ግራፉ ውሸት ነው። ሁለቱም የሰውየውን ጠባይ እያዩ ስለ ቴርሞሜትር ይፈርዳሉ። ምድር መሞቋ ግን የፊል ጆንስን ደግነት አይጠብቅም። ሰውየው ነገ ሌባ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ኪሊማንጃሮ ላይ ያለው በረዶ አይመለስም።

ፊልሙ ለሰውየው ካለው ፍቅር የተነሳ ጥፋቱን ያለሰልሰዋል ብዬም አስባለሁ። ጥፋት ነበር። ጆንስ በ2005 ዳታውን ለጠየቀው አንድ አውስትራሊያዊ ተጠራጣሪ የሰጠው መልስ ይታወቃል፦ ሃያ አምስት ዓመት የለፋንበትን፣ ዓላማህ ስህተት መፈለግ ሆኖ ሳለ ለምን እሰጥሃለሁ? ነው ያለው ባጭሩ። ይሄን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተገላበጥኩ። ስህተት መፈለግ'ኮ ሥራው ነው! እኛ ቢሮ አንድ ሰው ኮዴን አንብቦ ስህተት ካልፈለገ «አልሠራህም» ይባላል። በኋላም በመረጃ ነፃነት ሕጉ የመጡ ጥያቄዎች በአግባቡ እንዳልተስተናገዱ የእንግሊዝ የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ ተናግሯል፤ ጆንስ ባልደረቦቹን ኢሜይል እንዲያጠፉ የጠየቀበት ደብዳቤም ከተሰረቁት ውስጥ ነው። የተማረረ፣ ጊዜውን በጥያቄ ናዳ የተበላበት ሰው ነበር፤ ይገባኛል። ግን በር የዘጋ ሰው፣ ሌሊት በመስኮት ሲገቡበት «ተሰረቅኩ» ማለት ይችላል እንጂ «የምደብቀው አልነበረም» ብሎ ለማስረዳት ይቸገራል። የራስል ኮሚቴ በጁላይ 2010 ያለው ሁለቱንም ነው፦ የሳይንቲስቶቹ ታማኝነት አያጠራጥርም፤ ግልጽነታቸው ግን በተደጋጋሚ ጎድሏል።

እኔ ስክሪፕቱን የምጽፈው ብሆን ፊልሙን የምገነባው በሌላ ትዕይንት ላይ ነበር። ያው የራስል ኮሚቴ ያደረገው አንድ ነገር አለ፤ ጋዜጦች ብዙም አላራገቡትም፣ ለፕሮግራመር ግን ከፓርላማው ጥያቄና መልስ ይበልጣል። ኮሚቴው ተቀምጦ፣ ከክፍሉ ምንም ሳይቀበል፣ በይፋ ከሚገኝ የጣቢያ ዳታ ተነስቶ፣ የዓለምን የሙቀት መስመር ራሱ አሰላው። ኮዱ ጥቂት መቶ መስመር ነው። ለመጻፍ ሁለት ቀን አልሞላም። የወጣው መስመር ከሌሎቹ ጋር ተመሳሳይ ሆነ። አያችሁ? ለወራት «ደበቁት፣ አልደበቁትም» እየተባለ የተጮኸበትን ነገር፣ ሰኞ ጀምሮ ማክሰኞ ማታ መጨረስ ይቻል ነበር። ተጠራጣሪዎቹ በሁለት ቀን የሚጻፈውን ኮድ አልጻፉም፤ ተሟጋቾቹም «እንኩ፣ ሞክሩት» አላሉም።

የሞከሩ ግን አልጠፉም። ጆን ግራሃም ከሚንግ የሚባል እንግሊዛዊ ፕሮግራመር ነበር። ቢቢሲ ከተለቀቁት ኮዶች የተወሰነውን አሳይቶት፣ ለገበያ ከሚቀርብ ሶፍትዌር ደረጃ በታች ነው ብሎ በግልጽ ተናገረ። ተጠራጣሪዎቹ አጨበጨቡለት። እሱ ግን እዚያ አላቆመም። የእንግሊዝ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በዲሴምበር የጣቢያ ዳታ ሲለቅ፣ አወረደና ስሌቱን ከባዶ ሠራው። እውነትም ስህተት አገኘ፤ የስህተት ወሰኑ የተሰላበት መንገድ ላይ። ለመሥሪያ ቤቱ ጻፈ፤ እነሱም «ልክ ነህ» ብለው ተቀበሉት። የመስመሩ አቅጣጫ አልተለወጠም፤ ምድር ያው እየሞቀች ነው። ያኔ ጭብጨባው ቆመ።

ሁለተኛው ሪቻርድ ሙለር ነው። የካሊፎርኒያ በርክሊ ፊዚክስ ሊቅ፣ በግልጽ የሚጠራጠር ሰው። ግራፎቹን አላምናቸውም ብሎ የራሱን ቡድን አቋቋመ፤ ከደጋፊዎቹ አንዱ የነዳጅ ባለሀብቱ የቻርልስ ኮክ ፋውንዴሽን ነበር፣ 150,000 ዶላር። አንቶኒ ዋትስ የሚባለው ታዋቂ ተጠራጣሪ ውጤቱ የኔን ሐሳብ ቢያፈርስም እቀበለዋለሁ ብሎ በ2011 መጀመሪያ ላይ ጻፈ። ሙለር ከ39,000 በላይ ጣቢያዎችን ሰብስቦ አሰላ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ውጤቱ ወጣ፦ ልክ ነበሩ። በዓመቱ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ሐሳቡን መለወጡን፣ ጥፋተኛውም ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል የሰው ልጅ እንደሆነ ጻፈ። ዋትስ ግን አልተቀበለውም። እኔ ይሄን ሳነብ ተጠራጣሪ የሚለው ቃል ለሁለቱ ሰዎች እኩል መሰጠቱ ያበሳጨኛል። አንዱ ተጠራጠረ፤ ሌላው የመለሰውን መልስ ቀድሞ ይዞ ነበር።

ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጸብ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ግን በዚያ በኮፐንሃገን አዳራሽ የአፍሪካን ቡድን ይመሩ የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ ነበሩ። ይዘውት የቀረቡት ሐሳብ በገንዘብ ላይ ያተኮረ ነው፦ በ2015 በዓመት 50 ቢሊዮን፣ በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር። አፍሪካን አሳልፈው ሸጡ ያሏቸው አክቲቪስቶች ነበሩ፤ ሁለት ዲግሪ ለአውሮፓ ሁለት ቢሆንም ለእኛ ከዚያ በላይ ነው በሚል። በስምምነቱ ላይ የ100 ቢሊዮኑ ቃል ገባ፤ እንደ ኦኢሲዲ ቆጠራ ቃሉ የተሞላው በ2022 ነው፣ ሁለት ዓመት ዘግይቶ። ጉባኤውን ያከሸፈው የተሰረቀው ኢሜይል ነው አልልም፤ ቻይናና አሜሪካ ያለ ኢሜይልም መጣላት ይችሉ ነበር። ግን በዚያ ሰሞን «መሬት እየሞቀች ነው ወይ?» ተብሎ የባከነው ሰዓት ሁሉ «ማን ይክፈል?» ከሚለው ላይ የተቀነሰ ነው።

የኛ አገር ጥርጣሬ ደግሞ ሌላ ነው። ወሎ ያለው አጎቴ ጋሽ እሸቱ (ስሙን ለውጬዋለሁ፤ ራሱን ያውቃል) ስለ ሥራዬ ስነግረው ምድር መሞቋን አልተከራከረኝም። «በልግ ድሮ ቀረ» አለኝ። «ዝናቡ መለወጡን እኔ ነኝ ለእናንተ የምነግራችሁ። እናንተ ልትነግሩኝ የሚገባው ስንት ብር እንደመጣበትና የት እንደገባ ነው።» አዲስ አበባ ውስጥ «የአየር ንብረት ለውጥ» ስንል ቀድሞ ትዝ የሚለን ሆቴል፣ ባነርና የውሎ አበል ነው። ሰማዩን የሚጠራጠር የለም፤ የሚጠረጠረው የሚቆጥረው ሰው ነው።

ለምሳሌ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ 353,633,660 ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረን። ችግኝ ተክያለሁ፤ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ወጥተን፣ ጭቃ ላይ እየተንሸራተትን፣ በጣም ደስ ብሎናል። ማታ ቁጥሩን ስሰማ ግን እጄ ካልኩሌተር ላይ ሄደ፦ በየሰከንዱ ከ8,000 በላይ። ሊሆን ይችላል፤ አገሩ ሰፊ ነው፣ የወጣው ሰው በሚሊዮን ነው። ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ቁጥሩ ግን እስከ መጨረሻዋ ስልሳ ድረስ ተቆጥሮ ሲመጣ ሎጉን ማየት እፈልጋለሁ። የትኛው ቀበሌ ዘግይቶ ላከ? የቱ ሁለቴ ተቆጠረ? ያልደረሰ ሪፖርት እንደ ምን ተያዘ? እኛ ተክለን ስንጨርስ የቆጠረን ሰው አላየሁም፤ ምናልባት ያከፋፈለን ሰው ከሳጥኑ ቆጥሮ ይሆናል፣ እሱም መንገድ ነው። ይሄን የሚነግረን የኢትዮጵያ ሃሪ የታለ? እየተራገመ «ይሄ ወረዳ ሁለት ጊዜ ነው የገባው» እያለ የጻፈ አንድ ሰው ቢኖር፣ ፋይሉን ባነብ፣ ቁጥሩን ከዛሬው ይልቅ አምነው ነበር። ያን ጊዜ ጥያቄ ያነሱ ሰዎች «የልማት ጠላት» ተብለው ሲሰደቡ አይቻለሁ። ጆንስ ለአውስትራሊያዊው የሰጠው መልስ በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው።

ስለ ኮሜንቴ ልጨርስ። ከርክክቡ በኋላ አለቃዬ ለብቻዬ ጠርቶኝ «ከእንግዲህ ለደንበኛ ከማሳየትህ በፊት ኮሜንቶቹን አጽዳቸው» አለኝ። «አልገባኝም» ያልኩባትን ፋንክሽን ሁለት ቀን ተቀምጬ መረመርኳት። ልክ ነበረች፤ ለምን እንደምትሠራም ገባኝ፣ አሁን ቢጠይቁኝ አስረዳለሁ። በሁለተኛው ወር አንዲት ኢንተርን ከአንድ ጣቢያ የመጣውን የወረቀት መዝገብ ከስክሪኑ ጋር እያስተያየች «እዚህ ወረዳ ለ11 ቀን ጠብታ አልዘነበም ይላል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ባዶ ነው» አለችኝ። ሪፖርቱ ያልደረሰበት ቀን በዳታው ውስጥ −9999 ተብሎ ነው የሚገባው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ዝናብ ሊሆን ስለማይችል «መረጃ የለም» ማለት ነው። የኔ ኮድ አንድ ቦታ ላይ ከዜሮ በታች የሆነውን ሁሉ ወደ ዜሮ ይመልሳል። ያልተነገረን ዝናብ ያልዘነበ ዝናብ ሆነ፤ ወረዳው ካርታው ላይ ቀይ ሆኖ ሁለት ወር ተቀመጠ። ያቺ መስመር ስብሰባው ላይ በፕሮጀክተር ታይታለች፣ ንጹሕ ናት፣ ምንም ኮሜንት የለባትም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

አስተካከልኳት። ከላይዋም በአማርኛ «እዚህ ጋ ተሳስቼ ነበር፤ ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም» ብዬ፣ ቀኑንና ያገኘችውን ልጅ ስም ጨምሬ ጻፍኩ። አለቃዬ እስካሁን አላያትም።